የኮሪያ ቃና በግቢ በር፦ ስለ ፉድ ትራክ ምግቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዶርም ውስጥ በላፕቶፕ የኮሪያ ድራማ ሲያይ ያመሸ ተማሪ ምግቡን መቅመስ ማማሩ አይቀርም። ለዚህ ደግሞ ፉድ ትራክ ይመቻል። አስተናጋጅ የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ ቆሞ መብላት ነው። ካልጣመህም ጉዳቱ አንድ ሳህን ነው። እዚህ ባሕር ዳር በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ፖሊም ሆነ ፔዳ፣ ወይም ሐይቁ ዳር፣ «የኮሪያ» የሚል ሰሌዳ የለጠፈ የምግብ መኪና ሲያጋጥማችሁ የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ። ዋጋ ግን አልጻፍኩም። ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ሳምንት ውሸት ይሆናል።

ኪምቺ የሚባለውን እንኳን አይቼ አላውቅም። ከምን ልጀምር?

ከቡልጎጊ። በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ ነው። በሶይ ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በስኳርና በሰሊጥ ዘይት ተዘፍዝፎ ይቆያል፤ ከዚያ በጋለ ብረት ላይ ቶሎ ቶሎ ይገላበጣል። ኮሪያ ውስጥ ሥጋው እንዲለሰልስ ፒር የሚባለውን ፍሬ ፈቅፍቀው ይጨምሩበታል። እዚህ ፓፓያ ትንሽ ቢጨመርበት ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ብዙ ከሆነ ግን ሥጋው ይሟሽሻል።

ጥብስ ሲበላ ላደገ ሰው ቡልጎጊ እንግዳ አይሆንበትም። አንድ ነገር ብቻ ያስደነግጠዋል፦ ጣፋጭነቱ። የእኛ ሰው የኮሪያን ምግብ ሲቀምስ በርበሬው ይከብደዋል ብሎ ሁሉም ይፈራል። የሚከብደው ስኳሩ ነው። በመጀመሪያው ጉርሻ «ሥጋ ላይ ማር አፈሰሱበት እንዴ?» ያላለ ጓደኛ የለኝም። ስለዚህ «ስኳሩን ቀነስ አድርጉልኝ» ማለት ነውር የለውም። ሶሱ አስቀድሞ ካልተዋሃደ በደስታ ያደርጉታል።

ያቃጥላል?

ከሚጥሚጣ ጋር ለሚኖር ሰው? ብዙም አይደለም። ጎቹጃንግ የሚባለው ቀይ ማባያ በርበሬ፣ የሚጣበቅ ሩዝ፣ የቦካ አኩሪ አተርና ጨው ያለበት ወፍራም ድልህ ነው። ሩዙ ስለሚያጣፍጠው የቃጠሎው ስለት ይደበዝዛል። ደህና አዋዜ ከሱ ይበረታል።

ልዩነቱ ያለው ፈጣን ኑድሎቹ ላይ ነው። «ቡልዳክ» የሚባሉት የዶሮ ጣዕም ያላቸው ኑድሎች የምር ያቃጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የዴንማርክ የምግብ ባለሥልጣን ከነዚህ ውስጥ ሦስቱን «ቃጠሎው ለጤና ያሰጋል» ብሎ ከገበያ እንዲወጡ አዝዞ ነበር፤ ኋላ ላይ ከፊሎቹን መልሷል። ሰዎቹን አንድ ቀን ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ክትፎ ብንጋብዛቸው ምን ሊሉ ነው?

ካቃጠላችሁ ውሃም አምቦ ውሃም አትጠጡ። የሚያቃጥለው ነገር በውሃ አይሟሟም፤ አፍ ውስጥ ይበልጥ ይሰራጫል እንጂ። ወተት ወይም እርጎ ያበርደዋል። በጾም ከሆነ ደረቅ ዳቦ ወይም አንድ ማንኪያ ስኳር ይረዳል።

ኪምቺ የበሰበሰ ጎመን ነው ይላሉ። እውነት ነው?

የበሰበሰ አይደለም፣ የቦካ ነው። እርሾ ስታበጁ፣ እንጀራ ስትጋግሩ፣ ሲልጆ ስትበሉ የምታውቁት ነገር ነው። ጎመኑ በጨው ይታሻል። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይለቀለቃል። ከዚያ ተዘግቶ ይቀመጥና በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች የጎመኑን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። ኮምጣጣነቱ ከዚያ ነው፤ ኮምጣጤ አልገባበትም። ኮምጣጤ የፈሰሰበት ጥሬ ጎመን «ኪምቺ ነው» ብለው ካቀረቡላችሁ ሰላጣ ነው የበላችሁት።

ኮሪያውያን የብርዱ ወቅት ሳይገባ በጋራ ተሰብስበው ለወራት የሚሆን ኪምቺ ያዘጋጃሉ። ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የእኛም የመስቀል በዓል የተመዘገበው በዚያው ዓመት ነው።

ሽታው? አዎ፣ ይሸታል። ነጭ ሽንኩርት ነው። ከበላችሁ በኋላ ወዲያው ክላስ አትግቡ፤ ወይም ጎን የሚቀመጠውም ይብላ።

በጾም የሚበላ ነገር አላቸው?

አላቸው። ግን በስሙ አትመኑ፤ ዝርዝሩን ጠይቁ። ኪምቺ ጎመን ስለሆነ የጾም ይመስላል። በተለመደው አሠራር ግን በጨው የቆየ ሽሪምፕ ወይም የአሳ ሶስ ይገባበታል። ያለ እሱም ይሠራል። የኮሪያ የቡድሃ መነኮሳት ሥጋና አሳ ይቅርና ነጭ ሽንኩርትም ሽንኩርትም አይበሉም፤ ኪምቺያቸው ግን አለ። ስለዚህ «የአሳ ሶስ አለው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሞኝ አያስብላችሁም።

ኑድል ደግሞ ከላይ ሲታይ ዱቄትና ውሃ ነው። ችግሩ ትንሿ ከረጢት ውስጥ ነው። ዱቄቷ ብዙ ጊዜ የበሬ ወይም የዶሮ ቃና አላት፤ ፓኬቱን አገላብጣችሁ አንብቡ። ኪምባፕ በደረቀ የባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ ነው፤ ውስጡ እንቁላል ይጠቀለላል። «አውጡልኝ» ብትሉ አይወጣም፤ ተጠቅልሎ ተቆርጦ ያለቀ ነው። ከጠዋቱ ያለ እንቁላል የተጠቀለለ ካላቸው ብቻ ውሰዱ።

ለጾም እኔ የምመርጠው ጃፕቼን ነው። ከስኳር ድንች ስታርች የሚሠራ፣ የሚያብረቀርቅና የሚንሸራተት ኑድል ነው፤ ከካሮት፣ ከሽንኩርትና ከቆስጣ ጋር በሰሊጥ ዘይት ይጠበሳል። ቶክቦኪም አለ። የሩዝ ዱቄት እንደ ጣት ተድቦልቡሎ በቀይ ሶስ ይበስላል። በኮሪያ ሶሱ የሚሠራው ብዙ ጊዜ በደረቅ አሳ መረቅ ነው፤ በውሃ ብቻ የሠሩት ከሆነ ግን ይበላል። ቶክቦኪውን በሽሮ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ ሳትጠራጠሩ እዘዙ። የሩዙ ማኘክ የሚፈልግ ነገርና የሽሮው ልስላሴ ይስማማሉ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ብረቱን ነው። አንድ መኪና ውስጥ ያለው መጥበሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ቡልጎጊ የተጠበሰበት ላይ የእናንተ ጃፕቼ ከተጠበሰ ጾሙ ምን ዋጋ አለው? ረቡዕና ዓርብ መጥበሻውን ለይተው የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ ጠይቁ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። እሱን ለንስሐ አባታችሁ ትቻለሁ።

ሙስሊም ነኝ። ምን ልጠንቀቅ?

ሥጋውን ማን እንዳረደው መጠየቅን እናንተ አታጡትም። የማይታየው ሶሱ ውስጥ ያለው ነው። በፋብሪካ የታሸገ ጎቹጃንግና ሶይ ሶስ አንዳንዱ እንዳይበላሽ አልኮል ይጨመርበታል፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል። የሩዝ ወይን የሚጨምር አሠራርም አለ። ኮርን ዶግ (በእንጨት ተሰክቶ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጠበሰው) ውስጥ ያለው ቋሊማ ከአሳማ ሊሆን ስለሚችል ይህኛው ጥያቄ ለክርስቲያኑም ይሠራል። ኮርን ዶጉን በአይብ ብቻ የሚሠሩም አሉ፤ ሲገምጡት የሚሳበው ክር ለፎቶ ያምራል፤ ጣዕሙ ግን ያን ያህል አይደለም።

የጣና አሳ በኮሪያ አሠራር ይሆናል?

ይሆናል ብቻ! ባሕር ዳር ላይ ቆሞ በረዶ ውስጥ የኖረ ዶሮ መብላት ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

የኮሪያ ጥብስ ዶሮ ምስጢሩ ሁለት ጊዜ መጠበሱ ነው። መጀመሪያ መለስተኛ ሙቀት ባለው ዘይት ይበስላል። ይወጣል፣ ያርፋል፣ እንፋሎቱ ይወጣለታል። ከዚያ ይበልጥ በጋለ ዘይት ለአጭር ጊዜ ይመለሳል። ሽፋኑ ስታርች ስለሆነ ቀጭንና ተሰባሪ ይሆናል። ይህ አሠራር ለአሳ ፊሌቶ ልክ ነው፤ አሳ ቶሎ ስለሚበስል የመጀመሪያው ጥብስ ከዶሮው ማጠር አለበት እንጂ።

የትኛው አሳ? ቀረሶ። ሥጋው ነጭ ነው፣ አይፈርስም፣ ፊሌቶው ንጹሕ ይወጣል። አምባዛም ይሆናል፤ ቅባት ስላለው በጎቹጃንግ ሶስ ይበልጥ ይጥማል። ነጭ አሳ የምንለውን ግን ለዚህ አልመክርም። ጣዕሙ ግሩም ነው፤ እሾሁ ግን ሥጋው ውስጥ እንደ ፀጉር ተበትኗል። አሳ ቤት ቁጭ ብሎ ተረጋግቶ ለሚለቅም ሰው እንጂ ቆሞ እያወራ ለሚበላ ተማሪ አይሆንም።

ጥሩ የተሠራውን በድምፁ ታውቁታላችሁ። ልጁ ከሁለተኛው ጥብስ አውጥቶ ወንፊቱን ሲነቀንቅ ፊሌቶዎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ደረቅ ድምፅ ያወጣሉ። ከዚያ ሳህን ውስጥ ይጥላቸውና ሶሱን በጠርዙ በኩል አፍስሶ ሁለቴ ያገላብጣቸዋል። ሶስ ውስጥ ተነክሮ የተቀመጠ ከሆነ አትግዙ፤ ሽፋኑ እርጥብ ዳቦ ሆኗል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ኮሪያውያን ጥሬ አሳ ይበላሉ። የጣናን አሳ ግን በጥሬው አትሞክሩ፤ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር አሳ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል።

ሩዙስ ከየት ነው የሚያመጡት?

ብልህ የሆነው ከፎገራ ይገዛል። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ወረታ አካባቢ ዛሬ ሜዳውን የሸፈነው ሩዝ መነሻው ከኮሪያ ጋር ይገናኛል፤ ከሰሜኑ ጋር ግን ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በፎገራና በደራ ከገበሬዎች ማኅበራት ጋር ሩዝ ሞክረዋል። ኤክስ ጅግና የተባለው፣ በአካባቢው ለረጅም ጊዜ የተዘራው ዝርያ ከዚያ ጊዜ ጋር ይያያዛል። ገበሬው ከዚያ በራሱ መንገድ ሄዷል፤ ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ጋግሮበታል፣ ጠላም ጠምቆበታል። በዚህ ሩዝ ኪምባፕ የሚጠቀልል ልጅ ሳያውቀው ክቡን ዘግቶታል።

ለአሠራሩ ደግሞ የሩዙ ፍሬ አጠር ያለና የሚያያዝ መሆን አለበት። ረዥሙ ባስማቲ ለኪምባፕ አይሆንም፤ ሲቆረጥ ይበተናል።

በእንጀራ የተጠቀለለ ቡልጎጊ የኮሪያ ምግብ ይባላል እንዴ?

ኮሪያዊት አያት ብትጠየቅ ትስቃለች። ግን መኪና ላይ የሚሸጥ ቅልቅል ምግብ ራሱ እንዲህ ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሮይ ቾይ የተባለ ትውልደ ኮሪያ ሼፍና ባልደረቦቹ ኮጊ የምትባል መኪና አስነሡ። የኮሪያን ጥብስ በሜክሲኮ ቂጣ ጠቅልለው ሸጡ። መኪናዋ ዛሬ የት እንደምትቆም በትዊተር ይነግሩ ነበር፤ ሰውም እየተከተለ ይሰለፋል። ፉድ ትራክ ፋሽን ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ ያ ነው።

ኮሪያ ውስጥም መቀላቀል አዲስ አይደለም። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ከአሜሪካ ጦር ሰፈር የወጣ የቆርቆሮ ሥጋና ቋሊማ ከኪምቺ ጋር አንድ ድስት ውስጥ ገብቶ ቡዴ ጂጌ የሚባል ወጥ ሆኗል፤ ዛሬ ሰው ወዶ የሚያዘው ምግብ ነው። በርበሬውስ ቢሆን? ለእነሱም ለእኛም የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው።

ስለዚህ ቅልቅሉን አልቃወምም። የምቃወመው ስንፍናን ነው። ኑድል ቀቅሎ ኬቻፕ አፍስሶበት «ኮሪያን ስፔሻል» ማለት ቅልቅል አይደለም። የራስን ነገር በደንብ ያወቀ ሰው ሲቀላቅል ግን ይታወቃል። ለምሳሌ የኪምቺ ፍርፍር፦ ኪምቺው በዘይት እስኪጠወልግ ይጠበሳል፣ ከዚያ እንጀራው ይገባል። እንጀራው የዕለቱ ከሆነ ልዩ ነው። የሰነበተ ከሆነ ኮምጣጣ በኮምጣጣ ላይ ሆኖ ጥርስ ያጠርሳል።

ከቃኘው ሻለቃ ጋር ግንኙነት አለው?

ምግቡ የለውም። አንድ ከተማ ግን ሁለቱን ያገናኛል። ቃኘው ከሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጀምሮ በዙር ወደ ኮሪያ ዘምቷል፤ በጠቅላላው 6,037 ወታደሮች። ከተዋጉበት አካባቢ አጠገብ ቹንቾን የምትባል ከተማ አለች። በ1960 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያኑ መታሰቢያ ሐውልት ቆሞላታል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በምረቃው ተገኝተዋል። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ውሃው ዳር በኢትዮጵያ ስም የተከፈተ ቡና ቤትም አለ። ቹንቾን በግድብ ሐይቆች የተከበበች የውሃ ዳር ከተማ ናት።

እና የቹንቾን መለያ ምግብ ዳክጋልቢ ነው። ዶሮ በጎቹጃንግ ተለውሶ፣ ከጥቅል ጎመንና ከስኳር ድንች ጋር በሰፊ ብረት ምጣድ ይጠበሳል። ርካሽ ስለነበር የወታደርና የተማሪ ምግብ ተብሎ ነው ስም ያወጣው። እዚህ ዶሮ የበዓል ዋጋ ስላላት ተማሪ ኪስ አይደርሳትም ይሆናል። ግን ምናሌው ላይ ካያችሁት፣ ሦስት ሆናችሁ አዋጡና አንድ እዘዙ።

ንጹሕ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ብር የሚቀበለውን እጅ ተመልከቱ። ያው እጅ ኪምባፕ የሚጠቀልል ከሆነ ተመለሱ። በቴሌብር መክፈል እዚህ ላይ ለሁላችንም ይበጃል።

ከሥጋው ይልቅ ሩዙ ያሳስበኛል። የበሰለ ሩዝ በባሕር ዳር ሙቀት ለሰዓታት ተከድኖ ከቆየ የሚያስመልስ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም። ስለዚህ ጠዋት የተቀቀለ ሩዝ ማታ አትብሉ። በምሳ ሰዓት፣ ሰልፉ ሲረዝም፣ ሁሉም ነገር ትኩስ ነው። ዘይቱም ጠቁሮ የሚጨስ ከሆነ አፍንጫችሁ ቀድሞ ይነግራችኋል።

አለርጂ ያለበት ሰው ሰሊጥን፣ አኩሪ አተርንና ሽሪምፕን ይጠይቅ። ስንዴ የማይስማማችሁ ደግሞ በጤፍ እንጀራው አትዘናጉ፤ ሶይ ሶስ ውስጥ ስንዴ አለ።

በቾፕስቲክ መብላት ግዴታ ነው?

አይደለም። ኮሪያውያን ራሳቸው ሩዝ የሚበሉት በማንኪያ ነው። ሳም የሚባለው አበላል ደግሞ በእጅ ነው፦ ሥጋውን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልሎ በአንድ ጊዜ አፍ ውስጥ መክተት። የሚወዱትን ሰው ጠቅልለው ያጎርሱታልም። ማጎረስ እኛን የሚያስተምረን የለም።

ኪምቺ ራሴ ልሥራ ብል?

ቀላል ነው። የኮሪያው ረዥም ጎመን ባይገኝም በጥቅል ጎመን ይሠራል። አንድ ኪሎ ጎመን ከትፋችሁ በ25 ግራም ጨው እሹት። ሁለት ሰዓት ያህል ሲቆይ ውሃውን ያወጣል፤ ውሃውን አትድፉት። አንድ ማንኪያ የሩዝ ዱቄት በውሃ እንደ አጥሚት አብስላችሁ አቀዝቅዙ። በሱ ውስጥ የተፈጨ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ትንሽ ስኳር አዋህዱና ጎመኑን በደንብ ለውሱት።

በርበሬው ላይ አደራ። ቤት ያለው የተቀመመ ነው፤ ኮረሪማና በሶብላ ያለበት ኪምቺ ወጥ ወጥ ይላል። ገበያ ሄዳችሁ ዛላ ግዙ፣ ፍሬውን አራግፉ፣ ሳይልም ሸርከት አድርጋችሁ አስፈጩት።

ከዚያ በብርጭቆ ማሰሮ ጠቅጥቃችሁ ጎመኑ በራሱ ውሃ እንዲሸፈን አድርጉ። ከላይ ጥቂት ጣት ቦታ ተዉ። ሁለት ቀን ውጭ ይቀመጥ፣ በቀን አንዴ ክዳኑን ከፈት አድርጉለት፣ ከዚያ ፍሪጅ ይግባ።

ፍሪጅ የለኝም። ዶርም ውስጥ ባስቀምጠውስ?

ባታስቀምጠው ይሻላል። በዚህ ሙቀት በጥቂት ቀን ውስጥ ከሚገባው በላይ ይኮመጥጣል። ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ ከረሳኸው ደግሞ ጋዙ ይጠራቀማል፤ በከፈትክበት ሰዓት ቀዩ ውሃ አልጋ ልብስ ላይ ነው። ውጭ የተከራየ ጓደኛ ካለህ እሱ ጋ አስቀምጥ፤ ግማሹን እንደሚበላብህ ግን ከወዲሁ ቁጠረው።